ሲሾሙ ያልበሉ ገዥ፤ አቶ ገርማሜ ንዋይ በወላይታ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ብዙ ዘመን የኖረ፣ ብዙ ሹምም ያሳሳተ ተረት ነው። የተሾሙበት አገር እንደ ሹሙ ጎተራ በሚቈጠርበት ዘመን ይህ አነጋገር እንደ ቀልድ ሳይሆን እንደ አባት ምክር ይነገር ነበር። ስለዚህ አንድ ገዥ ተሾሞ በሄደበት አውራጃ ራሱ መብላቱን ትቶ፣ ሌላው ሠርቶ የሚበላበትን መሬት ሲያካፍል ቢገኝ፣ ነገሩ በዘመኑ ለነበሩት ባለ ሥልጣኖች ከትሩፋት ይልቅ ዐመፅ መስሎ ቢታያቸው የሚያስደንቅ አይሆንም። በ1950 ዓ.ም. ግድም የወላይታ አውራጃ ገዥ የነበሩት አቶ ገርማሜ ንዋይ የገጠማቸው ይኸው ነው።

የአቶ ገርማሜ ስም ሲነሣ የብዙ አንባቢ አሳብ ወዲያው የሚሄደው ወደ ታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም.፣ ወደ ክብር ዘበኛና ወደ መፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ነው። የወላይታው ሥራቸው ግን ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት መሥመር እየተነካ ይታለፋል። እኔ በዚሁ በወላይታ በመሬት ጉዳይ የማገለግል የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ሆንሁ፣ አያቴም በዚያ ዘመን በሰው መሬት ላይ የሚያርሱ ጭሰኛ ስለ ነበሩ፣ እነዚያን ጥቂት መሥመሮች ባነበብሁ ቍጥር ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ አቶ ገርማሜን በመጨረሻዎቹ ቀኖቻቸው ብቻ ከመመዘን ይልቅ በወላይታ በጀመሩት ሥራ መዝኖ፣ ምስጋና የሚገባውን ማመስገን፣ ትምህርት የሚገኝበትንም ለዛሬው ሹም ማመልከት ነው።

የሥራቸውን ክብደት ለመረዳት አስቀድሞ የአገሩን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። ወላይታ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ፣ ሶዶ ከተማም በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቈረቈረችበት አገር ነው። ደጋውና ወይና ደጋው እንሰት፣ በቆሎ፣ ጎዳሬና ስኳር ድንች የሚያበቅል፣ ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። ቆላው ደግሞ በአንድ ወገን ወደ አባያ ሐይቅና ወደ ብላቴ ወንዝ፣ በሌላ ወገን ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሲሆን፣ ወባው ሰውን፣ ቆላ ዝንቡም ከብቱን እየጐዳ ብዙ ዘመን ሰው ያልሰፈረበት ሰፊ ስፍራ ነበር። በአንድ አውራጃ ውስጥ መሬት ያጣ ሰውና ሰው ያጣ መሬት ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር ማለት ነው።

ወላይታ ካዎ በሚባሉ ነገሥታት የሚተዳደር የራሱ መንግሥት የነበረው አገር ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና፣ አጤ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብ ሲያሰፉ አልገብርም ብለው ስለ ተዋጉ፣ በ1887 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ብዙ ጦር አስከትለው ዘመቱባቸው። ከዘመቻው ጋር አብሮ የተጓዘው ቫንደርሄይም የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ እንደ መሰከረው፣ ውጊያው እጅግ ብርቱ፣ የሞተውም ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ካዎ ጦናም ቈስለው ተማረኩ፤ ወላይታም በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ይህ የሆነው ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ከሁሉ ይልቅ በመሬት ላይ ታየ። አገሩን እንዲጠብቁ ለተመደቡት መኳንንትና ወታደሮች እንደ ማዕረጋቸው ገባር ተደለደለላቸው፤ ገባሩም በአባቱ መሬት ላይ ተቀምጦ ግብር የሚከፍል፣ ጉልበቱንም የሚገብር ሆነ። ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች የገባር ሥርዓት ቀረና ግብሩ በገንዘብ የሚከፈል ሆነ። ይህ ያለ ጥርጥር መሻሻል ነበር። ነገር ግን ግብሩን እየከፈለ በመዝገብ ላይ ስሙን ያስጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ጉልቱና ባለ ጋሻ መሬቱ ስለ ሆነ፣ የቀድሞው ገባር ስሙ ብቻ ተለውጦ ጭሰኛ ተባለ። አያቴም ከነዚህ አንዱ ነበሩ፤ የበቆሎውን ክምር ከፍለው ለባለ መሬቱ ሳያስረክቡ ወደ ቤታቸው አንዲት ቁና ማስገባት አይችሉም ነበር። ባለ መሬቱ ሂድ ባላቸው ቀን ደግሞ የተከሉትን እንሰት እንኳ ጥለው መሄድ ነበረባቸው። እንሰት ለጉልማሳነት ብዙ ዓመት የሚፈልግ ተክል ስለ ሆነ፣ ነገ የሚለቁት ጓሮ ላይ እንሰት መትከል ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ የወላይታ ሰው ያውቀዋል።

አቶ ገርማሜ ንዋይ የመጡት ወደዚህ አገር ነው። እርሳቸው ግን የተገኙት ከጭሰኛ ቤት አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ግድም ከታወቁ የሸዋ ቤተ ሰቦች ወገን ተወልደው፣ በዘመኑ ከፍተኛ በተባሉት የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተምረው፣ ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ወደ ውጭ አገር ከላካቸው ወጣቶች ጋር ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በኒው ዮርክም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ታላቅ ወንድማቸው ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በኋላ የክብር ዘበኛ አዛዥ የሆኑት ናቸው። እንዲህ ያለ ትውልድና ትምህርት ለነበረው ሰው በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ተመችቶት የሚኖርበት መንገድ ወለል ብሎ የተከፈተ ነበር።

በዚህ ላይ አንባቢን አንድ ነገር እንዲያስተውል እለምናለሁ። አቶ ገርማሜ በ1946 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለማስትሬት ዲግሪያቸው የጻፉት የጥናት ጽሑፍ የነጮች ሰፈራ በኬንያ ስላስከተለው ውጤት ነበር። በኬንያ ደጋ ያለው ለሙ መሬት ለአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ተከልሎ፣ የኪኩዩ ሕዝብ በአባቶቹ መሬት ላይ ለሰፋሪው እየሠራ በፈቃድ የሚቀመጥ ጥገኛ ሆኖ ነበር። ከዚህ የተነሣ የማው ማው ዐመፅ ፈልቶ፣ እንግሊዞች በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአገሩ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐውጀዋል። አቶ ገርማሜ ይህን ሁሉ በኒው ዮርክ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ሲመረምሩ፣ ስለ ሌላ አገር የሚጽፉ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በባዕድ አገር የተማሩትን ሚዛን ይዘው ወደ ወላይታ ሲመጡ፣ በአባቱ መሬት ላይ በሰው ፈቃድ የሚኖር ገበሬ ከፊታቸው ቆሞ አገኙት። ኬንያና ወላይታ በብዙ ነገር የሚለያዩ ቢሆኑም፣ መሬቱን ያጣ ሰው የሚያጣው ነገር በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ሲያገለግሉ ቈይተው፣ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆነው ተሾሙ። አውራጃው በዚያን ጊዜ በመንግሥት መዝገብ የሚጻፈው ወላሞ በሚል፣ ሕዝቡ በማይወደው ስም ነበር። አዲሱ ገዥም ሶዶ እንደ ደረሱ፣ ሕዝቡን አስተባብረው መንገድ ማስጠረግና ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመሩ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምስጋና እንጂ ክስ ባላገኛቸው፤ መንገድና ትምህርት ቤት ንጉሠ ነገሥቱም የሚወዱት ሥራ ነበርና። የክሱ ምክንያት ሌላ ነው፤ ሳይታረስ የተቀመጠውን መሬት መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች ማከፋፈል መጀመራቸው ነው።

ይህን ሥራ የዛሬ ሰው በቀላሉ ሊያየው ይችላል። መሬት ያጣ ሰው አለ፤ ያልታረሰ መሬትም አለ፤ ሁለቱን ማገናኘት ምን ያስደንቃል ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚያን ዘመን መሬት የእህል ማብቀያ ብቻ አልነበረም። የሹመት ዋጋ፣ የጦር ሜዳ አገልግሎት ካሳ፣ የመኳንንቱም የክብር መሠረት መሬት ነበር። ጦም ያደረውም መሬት ባለቤት ነኝ የሚል ሰው አላጣም። ከዚህም በላይ፣ ጭሰኛው የራሱ መሬት ካገኘ በባለ መሬቱ ማሳ ላይ በእኩል ወይም በሲሶ ማን ያርሳል? ስለዚህ ባለ መሬቶቹ አንድ ቁራሽ ጦም አዳሪ መሬት ብቻ ሳይሆን መላው ኑሯቸው የተነካ መስሎ ታያቸውና አቤቱታቸውን ወደ አዲስ አበባ አደረሱ።

አቤቱታው ጆሮ አገኘ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ክብር የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይከራከሩት መሆኑን በአራተኛው አንቀጽ ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡም ከዚያ በፊት «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎ ጨርሶታል። አቶ ገርማሜ ሊሟገቱበት የሚችሉበት ሕግ አልነበረም፤ መሬት ለአራሹ ይሰጥ የሚል ዐዋጅ ወጥቶ በስሙ አልሠሩምና። ንጉሠ ነገሥቱም አቶ ገርማሜን ከወላይታ አንሥተው ወደ ሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት፣ ወደ ጅጅጋ አዛወሯቸው።

በቅንነት ስንመረምረው የአቶ ገርማሜ ሥራ ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው። ያከፋፈሉት መሬት የቆመው በገዥው ፈቃድ እንጂ በሕግ ላይ ስላልነበረ፣ ገዥው ሲነሣ የሚጠብቀው አልነበረም። በጎ ሹም ያለ በጎ ሕግ የሚሠራው ሥራ፣ በበጋ ወንዝ ዳር እንደ ተተከለ ጎጆ ነው፤ ክረምቱ ሲመጣ ይወስደዋል። ይሁንና ይህን ድካም በርሳቸው ላይ ብቻ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ሕጉን የማውጣት ሥልጣን የነበራቸው ሌሎች ናቸው፤ እርሳቸው የነበራቸው አንድ አውራጃና አንድ ብዕር ብቻ ነበር።

በጅጅጋም ቢሆን አርፈው አልተቀመጡም። አገሩ ዝናም የሚያንሰው፣ የሱማሌ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ውሃ ፍለጋ የሚንከራተትበት ስለ ሆነ፣ በወላይታ መሬት የነበረውን ቦታ በጅጅጋ ውሃ ያዘው። ጕድጓድ ማስቈፈር፣ ትምህርት ቤትና የሕክምና ቦታ ማቋቋም ጀመሩ፤ እዚያም ከበላይ የሚጠብቁትን ድጋፍ አላገኙም። በሁለት አውራጃ በሰላም መንገድ ሞክረው ሁለት ጊዜ በሩ ከተዘጋባቸው በኋላ፣ አሳባቸው ከአውራጃ ወደ ዙፋኑ ዞረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በክብር ዘበኛ ኃይል አዲስ አበባን ያዙ። በማግሥቱ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በራዲዮ ያነበቡት መግለጫ፣ ነጻነታቸውን ገና ያገኙት የአፍሪካ አገሮች ወደ ፊት ሲራመዱ ኢትዮጵያ ወደ ኋላ መቅረቷን ያወሳ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለመደገፍ ሰልፍ ወጡ። ነገር ግን የምድር ጦርና አየር ኃይል ለዙፋኑ ጸንተው ስለ ቆሙ፣ ከተማዪቱ የጦር ሜዳ ሆነች። ሙከራው እንደማይሳካ በታወቀ ጊዜ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ታግተው ከነበሩት መኳንንትና ባለ ሥልጣኖች ዐሥራ አምስት ያህሉ በጥይት ተገደሉ። ከነዚህም ውስጥ በአርበኝነታቸው የታወቁት ራስ አበበ አረጋይና የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ ይገኙባቸዋል።

ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 8 ቀን ተመለሱ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከከተማ ወጥተው ጥቂት ቀን ከተሸሸጉ በኋላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን በሞጆ አካባቢ ተከበቡ፤ አቶ ገርማሜ እዚያው ሞቱ። አስከሬናቸውም በአዲስ አበባ አደባባይ ሕዝብ እንዲያየው ተሰቀለ። ቈስለው የተያዙት ጄኔራል መንግሥቱ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ።

አንድን ሟች ስናመሰግን ጥፋቱን ሸፍነን ማመስገን ሟቹንም አንባቢውንም ማቃለል ይሆናል። በአረንጓዴው ሳሎን የፈሰሰው ደም ያልታጠቁ ምርኮኞች ደም ነው፤ በማናቸውም ሕግና በማናቸውም ሃይማኖት ቢመዘን የሚጸድቅ ሥራ አይደለም። እኔም የአቶ ገርማሜን ስም የማነሣው በዚያ ቀን ሥራ ለመመካት አይደለም። ነገር ግን ያን ቀን ያወገዘ ሰው ሁሉ ሌላውንም ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዲያልፍ ፍርድ አይፈቅድለትም። ያ የተማረ ገዥ በወላይታ የጀመረው ሥራ ሕግ ተደርጎለት፣ በሌሎችም አውራጃዎች እንዲሠራበት ቢፈቀድ ኖሮ፣ ወደ ጠመንጃው ይሄድ ነበርን? መልሱን በርግጥ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ብዕር ሲሰበር ሰይፍ እንደሚመዘዝ ከታሪክ ብዙ ምስክር ይገኛል።

ጥያቄውስ ከአቶ ገርማሜ ጋር ተቀበረን? አልተቀበረም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በፓርላማው ደጅ ሰልፍ ወጡ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በወላይታ በዓለም ባንክ ርዳታ የተቋቋመው፣ ሕዝቡ ዋዱ እያለ የሚጠራው የእርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን ጀመረ፤ ከሥራዎቹም አንዱ በደጋው መሬት ያጠራቸውን ሰዎች እንደ አበላ ባለው ቆላ ማስፈር ነበር። ገዥው የተከሰሱበት አሳብ፣ ባዶውን መሬት መሬት ላጣው የመስጠት አሳብ፣ በዐሥርና በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ በመንግሥት የሚደገፍ ልማት ሆኖ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ጭሰኝነት ቀረ። አያቴ ከዚያ ቀን በኋላ የተከሉትን እንሰት ቁመው ለመቍረጥ በቅተዋል። ዐዋጁን ያወጣው መንግሥት ግን ዙፋኑን የጣለ የወታደር መንግሥት ነበር። በሰላም ሊደረግ ይችል የነበረው ነገር ዘግይቶ፣ ብዙ ደም በፈሰሰበት ዘመን መደረጉ ያሳዝናል።

ዛሬ ወላይታ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የምትገኝ ዞን፣ ሶዶም የክልሉ የአስተዳደር ማዕከል ናት። ጭሰኛ የለም፤ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አለው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ስለ በዛ የብዙው ገበሬ ማሳ ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ ሆኗል፤ ወደ ጽሕፈት ቤታችን የሚመጣውም ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጋሻ መሬት ሳይሆን ወንድም ከወንድሙ ጋር ስለሚካሰስባት ስለ አንዲት እርምጃ ድንበር ነው። አንዳንድ ቀን ከጠረጴዛዬ ፊት የቆመው ባለ ጉዳይ ሽማግሌ፣ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ሲነሣኝ፣ በአያቴ ዘመን በሹም ደጅ ይጠና የነበረው ደጅ ጥናት ገና ከሰው ጉልበት እንዳልወጣ አያለሁ። ያን ጊዜ አቶ ገርማሜ በዚህ አገር ያስተማሩት ትምህርት ትዝ ይለኛል።

ትምህርቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ሹመት የተሰጠው ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት የሚቀበሉትን ታላላቆች ሳይሆን ከበሩ ውጭ የቆመውን ባለ ጉዳይ መሆኑ ነው። አቶ ገርማሜ በትውልዳቸው ከባለ መሬቱ ወገን ሆነው ሳለ፣ ከጭሰኛው ወገን ቆመዋል፤ የወላይታ ልጅ ሳይሆኑ የወላይታን ሕዝብ ጕዳት እንደ ራሳቸው ጕዳት ቈጥረዋል። ሁለተኛው፣ የተሠራው በጎ ሥራ በሹሙ መልካም ልብ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ በደንብና በመዝገብ እንዲጸና መድከም የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን በሥራቸው፣ ሁለተኛውን በደረሰባቸው ነገር አስተምረውናል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ጀምረናል። አቶ ገርማሜ ንዋይ ከሶዶ ተነሥተው ወደ ጅጅጋ ሲሄዱ የቆጫቸው ነገር ቢኖር፣ ያልበሉት ሳይሆን ያልጨረሱት ሥራ ይመስለኛል። ያልተጨረሰውም ሥራ ለሞተ ሰው አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በወንበሩ ላይ ለምንቀመጠው ለእኛ ነው።